ጆረ ሰፊው ሰውዬ

ከፈትል ክፍል ስንወጣ፣ ጥጥ ጠጉራችንን እንደሸፈነ፣
የማሽኑ ጩኸት በጆሯችን ገና እየዘፈነ፣
ሃምሳ ሳንቲም በመሐረብ ጫፍ፣ በዘንባባው ጥላ ሥር፣
እኔ፣ ውባለምና አንጓች፣ ክንድ ለክንድ በአንድ መስመር፣
ቅዳሜ ማታ ሲኒማ እንሄድ ነበር።

አዳራሹ ቆርቆሮ፣ ወንበሩ የእንጨት አግዳሚ፣
ከጀርባ ጣና ይተነፍሳል፣ ትንኙ ለመብራቱ ተሻሚ።
ሸራው ላይ አንድ ሰው ወጣ፣
ባርኔጣውን ደፍቶ፣ ዝናብ እያንጠባጠበ፣ ከየት እንደሁ የመጣ።

"ይኼ ነው እንዴ አፍቃሪው?" አለች አንጓች ስትስቅ፣
"ጆሮው የአምባዛ ክንፍ፣ ፊቱ ያልተተኮሰ ጨርቅ!"
ውባለም ተቀበለች፦ "መልከ ጥፉን በስም ይደግፉ፤
የዚህስ ስሙም ለአፍ አይመች፤ ዐይኖቹም ቆመው አንቀላፉ።"

ሐቃቸውን ነበር። በእኛ ሰፈር ወንድ ማለት ሎጋ፣
አፍንጫው ሰልካካ፣ ፊቱ እንደ ጎሕ የሚነጋ።
ይኼ ግን አንዱም የለው።
የነበረው ይኼ ነው፦
ሴትየዋ ስታወራ ባርኔጣውን አወለቀ፣
ጉልበቱ ላይ አሳረፈ፣ ከቦታው አልተነቃነቀ፣
ያን ሰፊ ጆሮውን፣ ሁለቱንም፣ ወደ እሷ አዞረ።
ወንድ ልጅ ሴትን ሲሰማ፣ መጀመሪያ ያየሁት ያኔ ነበረ።

ከሸራው ጥግ በርጩማ ላይ፣ ባትሪ ታቅፎ የሚቀመጥ፣
ልየው የሚሉት ልጅ ነበረ፣ ፈረንጅኛውን ወደ አማርኛ የሚገለብጥ።
"እመቤቴ፣" አለ ሰውዬው በልየው አፍ፣ "እመቤቴ፣
አገር ለአገር ስዞር ኖርኩ፣ ማረፍ አያውቅም ጉልበቴ፤
አንቺ ስትናገሪ ግን፣ ልቤ እንደ ደንገል ታንኳ
ውኃ ጠጥቶ ከበደ፤ አይሰጥምም፣ አይሄድም እንኳ።"

ፈረንጅ የደንገል ታንኳ የት አየ? ያለ ሰው አልነበረም።
እኔም አላልኩም።
ሰኞ ክሩ በጣቴ ሥር ሲበጠስ፣ ካፖው ሲጮህብኝ ዋለ፤
ግማሽ ደሞዜም በአንድ ሰውዬ ጆሮ ላይ ተጣለ።

ዓመት ዓመትን ወለደ። ሲኒማው የእህል መጋዘን ሆነ።
አንጓች ጎንደር ተዳረች፤ የውባለም ሳንባ በጥጥ ብናኝ ታፈነ።
ባል አገባሁ፣ ነፍሱን ይማርና፣ ሲያልፍ መንገድ የሚያስቆም፤
ስናገር ግን፣ ሠላሳ ዓመት፣ ባርኔጣውን አውልቆ አያውቅም።

ልየው የዓሣ አስጋሪዎች ማኅበር ገባ፣ ሚዛን ላይ ተቀመጠ።
"ቀረሶ ነው አምባዛ? ስንት ኪሎ ልመዝንልሽ?" ሲለኝ
ጉልበቴ የሚከዳኝ ለምን እንደሁ አልገባኝም።
የፀሐዩ ነው እላለሁ።
በስሙ ጠርቼው አላውቅም።
ልየው። ማንን ከማን ልለየው?

ዘንድሮ ልጄ ሕሊና ያን ፊልም ከስልኳ አገኘችው።
ያው ባርኔጣ፣ ያው ዝናብ፣ ያው ጆሮ።
"ምን አላት?" አልኳት፣ አንገቴን አስግጌ።
"ስለ ቤት ኪራይ ነው የሚያወራው፣ እማዬ።
የሦስት ወር አልከፈልሽም፣ ነው የሚላት።"
ሦስቴ አስደገምኳት።
ታንኳ የለም። ደንገል የለም። እመቤቴ የለም።

ልየው እንግሊዝኛ አያውቅም ነበር፤
ከሦስተኛ ክፍል ነው ያቋረጠ።
ያን ሁሉ ቅዳሜ፣ በጨለማ፣ በርጩማው ላይ ሆኖ
ከራሱ ነበር የሚያወጣ።

በማግስቱ በጠዋት ወረድኩ።
የዓሣ አንጀት ለመሻማት ፔሊካኖቹ ተሰልፈዋል።
ጆሮውን አየሁት፤ ትንሽ ነው፣
የሕፃን ያህል፣ ጠርዙን ፀሐይ የላጠው።
"ስንት ኪሎ?"
"ዛሬ ዓሣ አልገዛም፣" አልኩት፣
"ልነግርህ የመጣሁት ነገር አለ። ረዘም ይላል።"

ከኋላዬ ሰልፈኛው አጉረመረመ።
ልየው ቆቡን አወለቀ፣
የሚያኖርበት ቢያጣ ሚዛኑ ላይ አስቀመጠው፤
መርፌዋ ትንሽ ነቅነቅ አለች።